እንፋሎቱ የሚወጣበት መንገድ፦ የአሮጌ ጭቃ ቤት ሻወር የሥራ ማስታወሻ

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

የእናቴ ቤት ጉለሌ ነው። በ1950ዎቹ የተሠራ የጭቃ ቤት፤ ቋሚና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ድሮ አቡጀዲ የነበረ፣ በኋላ ከሥሩ ችፑድ የተመታበት። ሲሠራ መታጠቢያ ቤት አልነበረውም። ዛሬ ሻወር የምንለው ክፍል የቀድሞው ዕቃ ቤት ነው፤ ውኃ ተስቦለት፣ ሴራሚክ ተነጥፎለት፣ 50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ተሰቅሎለት መታጠቢያ ሆነ። መስኮት ያኔም አልነበረው፣ አሁንም የለው።

ቅሬታው የቆየ ነው። የሻወሩ ኮርኒስ ጠቁሯል፤ ጥግ ጥጉን ሻጋታ ወርሶታል፤ ችፑዱ መሐሉ ላይ ረግቧል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ያንጠባጥባል። ቤተሰቡ በሙሉ የተስማማበት ምክንያት «ቆርቆሮው አርጅቷል» የሚለው ነው። በዚህ ምክንያት ጣሪያው ላይ ስንት ጊዜ ሬንጅ እንደተቀባ እግዜር ይወቀው። አንድ ነገር ግን አልገጥም ብሎኝ ከርሟል፦ ባለፈው ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ በከረመበት ወቅት፣ ያው ማንጠባጠብ አልቀረም ነበር። ዝናብ ሳይጥል የሚያፈስ ጣሪያ ከየት ይመጣል?

አየር መሳቢያ የለም እንዳይባል አለ። ሴራሚኩን የሠራው ባለሙያ ኮርኒሱ ላይ ክብ ነጭ መሳቢያ ገጥሞ ሄዷል፤ ማብሪያው ሲጫን ያጉረመርማል። ዛሬ ወንበር ላይ ቆሜ አንድ ቅጠል ሶፍት አስጠጋሁበት፤ ስቦ ያዘው። እየሳበ ነው። የሳበውን አየር የት እንደሚያደርሰው ለማየት ወጥቼ ቤቱን ዞርኩት። መውጫ የሚመስል ቀዳዳ በአንዱም ግድግዳ ላይ የለም።

ሰኔ 15፣ እሑድ

እናቴ ታጥባ ቤተ ክርስቲያን እንደሄደች ኮሪደሩ ላይ ያለውን የኮርኒስ መግቢያ ከፍቼ ባትሪ ይዤ ገባሁ። በደረቴ እየተሳብኩ፣ ወራጅ እየቆጠርኩ ከሻወሩ በላይ ደረስኩ።

ከመሳቢያው ጀርባ ምንም የለም። ቱቦ የለም። የፕላስቲኩ አፍ ወደ ቆርቆሮው አንጋጦ ተቀምጧል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከክንዴ አይበልጥም። ሌላው ቦታ ላይ ቆርቆሮው ደብዛዛ ግራጫ ነው፤ ከመሳቢያው ትይዩ ግን ክብ ሆኖ ተበልቷል፤ ዳር ዳሩ ነጭ ዱቄት፣ መሐሉ ቀይ ዝገት። ነጩ ዚንኩ ሲበላ የሚተወው ነው፤ ቀዩ ዚንኩ አልቆ ብረቱ ራሱ መበላት ሲጀምር የሚመጣው። ከሞራሌው አልፈው የዘለቁት የቆርቆሮ ሚስማሮች ጫፋቸው ላይ አንዳንድ ጠብታ አንጠልጥለዋል። አንዱን በጣቴ ነካሁት፤ ወርዶ አሮጌው አቡጀዲ ላይ ጠብ አለ። አቡጀዲው ላይ ትናንሽ ቡናማ ክቦች በረድፍ ተደርድረዋል፤ የሚስማሮቹን ረድፍ ተከትለው።

እናም ጣሪያው አያፈስም። እኛው ራሳችን ከታች ውኃ እየረጨነው ነው።

አንድ ኩብ ሜትር አየር በ25 ዲግሪ ሙቀት እስከ 23 ግራም ውኃ በተን መልክ ይሸከማል። በ10 ዲግሪ ግን ከ9 ግራም ተኩል በላይ አይችልም። የተረፈው 13 ግራም ተኩል ያገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ውኃ ሆኖ ይቀመጣል። የአዲስ አበባ ሌሊት በክረምት ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፤ ቆርቆሮ ደግሞ ሽፋን የሌለው ስስ ብረት ስለሆነ ከውጭው አየር ጋር እኩል ይቀዘቅዛል። ሰማዩ ጥርት ባለበት የበጋ ሌሊት እንዲያውም ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቅቆ ከአየሩም በታች ይወርዳል። በጥር ወር የታየው ማንጠባጠብ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ያ ባለሙያ ማራገቢያ ገጥሟል፤ አየር ማስወጫ ግን አልሠራም። ከነጭራሹ ባይገጥመው ይሻል ነበር እላለሁ፤ እንፋሎቱ ሴራሚኩ ላይ ቀርቶ በጨርቅ ይወለወል ነበር። አሁን ግን በኤሌክትሪክ ኃይል እየተገፋ እንጨቱ ላይ ይወጣል።

እንጨቱን በካቻቪቴ እየወጋሁ ፈተንኩት። ወራጆቹ ጠንካራ ናቸው፤ የድሮ ባሕር ዛፍ ነው። አንዱ ሞራሌ ግን ካቻቪቴውን እስከ ግማሹ አስገባው። እሱ ይቀየራል። ሥራው እስኪያልቅ መሳቢያው አይበራም፤ ከሻወር በኋላ በሩ ተከፍቶ ይቆያል ብዬ ለቤቱ ሰው ሁሉ ተናገርኩ። እናቴ «ከፍለን ያስገባነውን ልትዘጋብን ነው?» አለችኝ።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ ማታ

ዛሬ እርሳስና ወረቀት ብቻ። እንፋሎቱ በየት ይውጣ?

አጭሩ መንገድ የሻወሩን የውጭ ግድግዳ ቀጥ አድርጎ መብሳት ነው። ቱቦው አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ነገር ግን ያ ግድግዳ ከጎረቤታችን ግቢ ጋር ተጣብቋል፤ እትዬ ወጥ የሚሠሩበት ማድቤት ፊት ለፊቱ ነው። የእኛን የሻወር እንፋሎት ድስታቸው ላይ መልቀቅ ጉርብትናን ማበላሸት ስለሆነ ይህ ተሰረዘ።

በጣሪያው ቀጥ ብሎ መውጣትም ይቻላል። ሙቅ አየር ወደ ላይ መሄድ ስለሚወድ በወረቀት ላይ ሲታይ ከሁሉ የተሻለ ነው። ግን ክረምት ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ በሬንጅ ተለጣጥፎ የቆመን ቆርቆሮ የሚበሳ ሰው ጤናውን ያጠራጥራል። የቆርቆሮው ሞገድና የቱቦው ክብ በቀላሉ አይገጥሙም፤ በዙሪያው የሚታጠፈው ላሜራ የላይኛው ጠርዙ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር ካልገባ በሲሊኮን ብቻ አንድ ክረምት አይሻገርም። በረዶ ሲጥልማ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው በጣሪያው ክፈፍ ሥር ማውጣት ነው። ብዙ ቤት ላይ አይቼዋለሁ፤ አልወደውም። የአሮጌ ቤት ግድግዳና ክዳን የሚገናኙበት ቦታ ክፍት ነው፤ ድመት ሳይቀር ይገባበታል። ከክፈፉ ሥር የተለቀቀ እንፋሎት ሽቅብ ሲሄድ ተመልሶ በዚያው ክፍተት ይገባል።

የቀረው የምሥራቁ ጎን ግድግዳ ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የሚወጣው፣ ወደ ራሳችን ግቢ የሚያየው። ከሻወሩ መሐል እስከዚያ 3.2 ሜትር ነው። ቱቦው አንዴ ከኮርኒሱ ተነሥቶ ይታጠፋል፣ አንዴ ደግሞ ወራጁን ለመሸሽ። ረጅም ነው፤ ዝናብ ግን በቀጥታ አያገኘውም፣ ማንንም አይነካም፣ በመሰላልም ይደረስበታል። ይህ ተመረጠ።

ክፍሉ 2.1 በ1.6 ሜትር ሆኖ ቁመቱ 2.4 ነው፤ ወደ 8 ኩብ ሜትር። የእንግሊዝ የሕንፃ ደንብ ለመታጠቢያ ቤት ቢያንስ በሰከንድ 15 ሊትር ይጠይቃል፤ በሰዓት 54 ኩብ ሜትር ማለት ነው። የአሜሪካው መለኪያ ደግሞ በደቂቃ 50 ኪዩቢክ ጫማ ይላል፤ ወደ 85 ኩብ ሜትር ይመጣል። እኔ መስኮት ለሌለው ክፍል 100 አካባቢ እፈልጋለሁ፤ ያውም ቱቦው መጨረሻ ላይ ተለክቶ።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

መርካቶ። የመጀመሪያው ባለ ሱቅ ያሳየኝ ኮርኒሳችን ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። «ይኼ ሁሉም ቤት የሚገባው ነው፤ 95 ይስባል» አለኝ። አልዋሸም፤ ካርቶኑ ላይ 95 ኩብ ሜትር በሰዓት ተብሎ ተጽፏል። ግን ያ ቁጥር ማራገቢያው ቱቦ ሳይቀጠልበት፣ ባዶ አየር ላይ ሲሽከረከር የተለካ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ተራ ማራገቢያ የሚፈጥረው ግፊት 30 ፓስካል ቢደርስ ነው፤ ግድግዳ ተሻግሮ ወዲያው ለሚለቅ ይበቃዋል። ሦስት ሜትር ቱቦና ሁለት መታጠፊያ ሲቀጠልበት ድምፁ እንዳለ ይቀጥላል፣ አየሩ ግን ያንሳል። ሰው ደግሞ ድምፁን ሰምቶ ይሠራል ብሎ ያምናል።

የገዛሁት ቱቦ መሐል የሚገባውን፣ በሰዓት ወደ 180 ኩብ ሜትር የሚለውን ነው። ግማሽ ያህሉን ቱቦው ቢበላው እንኳ ከሚያስፈልገኝ ብዙ አልርቅም።

በነገራችን ላይ፣ የከተማችን ከፍታ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ጉዳት ያለው ይመስለኝ ነበርና አሰላሁት። በእኛ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው የሚፈጥረው ግፊት በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ግን ቱቦው የሚያሳየው ተቃውሞም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ተጣፍተው ይቀራሉ። የሚንቀሳቀሰው ኩብ ሜትር ያው ነው፤ አንድ ኩብ ሜትር የሚሸከመው ተንም ከፍታ አይለውጠውም። ስለዚህ ለከፍታ ብሎ የበለጠ ግዙፍ መግዛት አያስፈልግም።

ቱቦ ላይ ክርክር ነበር። ሻጩ የሚለጠጠውንና እንደልብ የሚታጠፈውን የአሉሚኒየም ቱቦ አቀረበልኝ፤ ቀላል፣ ርካሽ፣ ለመግጠምም ምቹ ነው። ውስጡ ግን ሽንሽን ስለሆነ አየሩን ያጉላላዋል፤ ረገብ ባለበት ሁሉ ደግሞ ውኃ ያቁራል። እኔ የመረጥኩት ለፍሳሽ የሚሠራውን ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ነው። ውስጡ ልሙጥ፣ በየሰፈሩ የሚገኝ፣ አይጥ በቀላሉ የማይበሳው። ባለ 90 ዲግሪ ጎሚቶ (የቱቦ መታጠፊያ) አልገዛሁም፤ ለእያንዳንዱ መታጠፊያ ሁለት ሁለት ባለ 45 ወሰድኩ።

የውጭ መክደኛው ዝግጁ ሆኖ አልተገኘም። ምናለሽ ተራ ወረድኩና አንዱን ቀጥቃጭ ካርቶን ላይ ሥዬ አሳየሁት። የላሜራ ቁራጭ አንሥቶ፣ በመቀስ ቆርጦ፣ ባቡር ሐዲድ ቁራጭ ላይ አስደግፎ በመዶሻ እየጎነበሰ ሲያወጣው ቆሜ አየሁ፤ ቡና ጠጥቼ እስክመለስ እንኳ አላስፈለገውም። አፉ ወደ መሬት የሚያይ፣ ነፋስ ሲመለስ የሚዘጋ ስስ ክዳን ያለው። ለወፍ መከላከያ ጥቅጥቅ ያለ የወባ ትንኝ ወንፊት ሊያደርግበት ነበር፤ አልፈቀድኩም። እንዲህ ያለው ወንፊት በአቧራና በጨርቅ ብናኝ በአንድ ዓመት ውስጥ ይደፈናል። አንድ ሳንቲ ሜትር ዓይን ያለው የሽቦ ወንፊት ድንቢጥን ለማስቀረት ይበቃል።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

አናጢው ጋሼ ከሥራ በኋላ መጥተው ጭቃውን አስቦኩኝ። ቤቱ ሲሠራ በልጅነታቸው ጭቃ ረግጠውበታል ይባላል፤ እሳቸው አይክዱም፣ አያረጋግጡምም። የግቢውን ቀይ አፈር ነፍተን፣ የጤፍ ጭድ ጨምረን፣ በውኃ አርሰን ረገጥነው፤ ከዚያ በላስቲክ ተሸፍኖ እንዲቦካ ተተወ። ጭዱ ካልላላ ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ታናሽ ወንድሜ «በሲሚንቶ በአንድ ሰዓት ይለቅ የለም?» አለ። ጋሼ መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ሲሚንቶ ጭቃን አያውቀውም።» በእሳቸው እስማማለሁ። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ደርቆ ይቆማል። ሁለቱ መሐል ስንጥቅ ይከፈታል፣ ውኃ ይገባል፣ የገባው ደግሞ በሲሚንቶው በኩል መድረቅ ስለማይችል ወደ ማገሩ ይሄዳል። የቤቱ የፊት ግድግዳ በሲሚንቶ ከተለሰነ ወዲህ ከሥሩ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ዋናው ቀን። ጠዋት ፀሐይ ስለነበረ ቀድመን ግድግዳውን ያዝን።

ጋሼ መሰላሉ ላይ ወጥተው በጣት አንጓ ግድግዳውን እያንኳኩ ጆሯቸውን ሰጡት። ቋሚ ባለበት ድምፁ ደረቅ ነው፤ በማገር መሐል ደግሞ ድፍን ያለ። እኔ የለካሁበት ቦታ ቋሚ ላይ አረፈ፤ እሳቸው አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ ገፉት። ቋሚ አይነካም። ማገር ቢቆረጥ ግድ የለም፤ ግራና ቀኙ በሌላ እንጨት ይያዛል።

ልስኑ በመሮ በቀላሉ ለቀቀ። ከሥሩ ጭቃው ወጣ፤ ጭዱ ውስጡ አሁንም ቢጫ ነው፣ በጥፍር ሲፈለቀቅ ዛሬ የገባ ይመስላል። ከስድሳ ዓመት በላይ ደረቅ ሆኖ የቆየ ነገር እንዲህ ይቆያል። ከዚያ ማገሩ፤ በሚስማር ሳይሆን በልጥ የታሰረ ነበር፣ ልጡ እንደ ሽቦ ጠንክሯል። አንዱን ማገር በእጅ መጋዝ ቆርጠን ጫፎቹን በአዲስ አግዳሚ ያዝናቸው። መዶሻ ብዙም አልተጠቀምንም፤ የጭቃ ግድግዳ ላይ መዶሻ ከበዛ እዚህ ሲመታ እዚያ ይራገፋል። በኤሌክትሪክ መብሻ የሚሠራ ሰው ቢመጣ ኖሮ ግማሹን ሦስት ማዕዘን ያወርደው ነበር።

እናቴ ከታች ሆና «የአባትህ ግድግዳ ነው፣ አደራ» ትላለች። ጋሼ ከላይ «እሱ ቢኖር ራሱ ነበር የሚበሳው» ይሏታል።

ቱቦው። እኔ ውስጥ ገብቼ ከሻወሩ በኩል ጀመርኩ። አሮጌው መሳቢያ ወጣ፤ በቦታው አየር ማስገቢያ ወንፊት ብቻ ገባ። ከወንፊቱ የሚነሣው ቀጥ ያለ ቁራጭ በተቻለ መጠን አጭር ሆነ፤ እዚያ ውስጥ የሚቋጠር ጤዛ ተመልሶ ወደ ሻወሩ ስለሚወርድ። ከመታጠፊያው በኋላ ግን ቱቦው በሙሉ ወደ ውጭ ያዘነብላል፦ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር፣ ጠቅላላ ከ6 ሳንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ። በውኃ ልክ እያየን በየወራጁ በላሜራ ቀለበት ሰቀልነው።

ሁለት ነገር እዚህ ላይ መመዝገብ አለበት። አንደኛው የማያያዣው አቅጣጫ ነው። የፒቪሲ ቱቦ አንዱ ጫፍ ወንዴ፣ ሌላው ሴቴ ነው፤ የሴቴው አፍ ወደ ሻወሩ፣ ወደ ላይኛው በኩል ማየት አለበት። ያኔ የሚወርደው ውኃ ከወንዴው ወደ ሴቴው ውስጥ ይገባል፤ ከተገለበጠ በየማያያዣው ይንጠባጠባል። አየሩን ብቻ የሚያስብ ሰው ተቃራኒውም ልክ ይመስለዋል።

ሁለተኛው የማራገቢያው አንገት ነው። አንገቱ 10 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፣ የቱቦው ውስጥ ደግሞ ከ10 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ክፍተቱን በካላማዳሪያ ዘፈንነው፤ ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪያ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ጥብጣብ ተቆርጦ አንገቱ ላይ ሁለት ዙር ተጠመጠመና ቱቦው በላዩ ላይ ተገፋ። ማራገቢያውንም በዚያው ጎማ ጥብጣብ ከወራጁ ላይ አንጠለጠልነው፤ እንጨቱን በቀጥታ ስለማይነካው ንዝረቱ ወደ ኮርኒሱ አይወርድም።

ቱቦውን ሙቀት በሚይዝ ነገር ማልበሱ ገና ቀርቶ ነበር። እርጥብና ሙቅ አየር በቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ቆርቆሮው ላይ የሆነው ሁሉ ቱቦው ውስጥ ይደገማል። ወንድሜ የስፖንጅ ፍራሽ ቁራጭ አምጥቶ ነበር፤ መለስኩት፤ ስፖንጅ እሳት ሲያገኘው ያለ ምሕረት ይነድዳል፣ አሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ባለበት ኮርኒስ ውስጥ ቦታ የለውም። እናቴ ሣጥን ውስጥ የከረመ የመንዝ ባና አወጣች። ሱፍ ቶሎ አይቀጣጠልም፣ ትንሽ እርጥበት ቢያገኘው እንኳ ሙቀት መያዙን አያቆምም። በሰፊ ጥብጣብ ቆርጠን ቱቦውን ሁለት ዙር ጠቀለልንበት፤ በላዩ ላይ ደግሞ ቆርቆሮው እስኪታደስ ድረስ የሚወርድ ጠብታ እንዳያበሰብሰው ላስቲክ ጣል አደረግንበት። የሚያምር ባና ነበር፤ እናቴ ሲቆረጥ ማየት ስላልፈለገች ወደ ማድቤት ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲመጣ መክደኛው ገብቶ፣ ዙሪያው በቦካው ጭቃ ተመርጎ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ነበር። የበሰበሰውም ሞራሌ ተለውጧል።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ኤሌክትሪሺያኑ መጣ። ይህንን ራሴ አልነካሁም፤ ውኃ ባለበት ክፍል 220 ቮልት መሞካከሪያ አይደለም። ኮርኒስ ውስጥ በጨርቅ ፕላስተር የተጠቀለሉ አሮጌ መጋጠሚያዎች አግኝቶ ለቀማቸውና በሣጥን ዘጋቸው። ለሻወሩ መስመር 30 ሚሊ አምፔር ከመስመሩ ውጭ ሲያመልጥ የሚቆርጥ ብሬከር ገባ፤ ቦይለሩ የመሬት መስመር እንኳ እንዳልነበረው ያወቅነው ዛሬ ነው። ግቢው ውስጥ የመሬት ዘንግ ተተከለ።

ማብሪያው ከሻወሩ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ሆነ። የሻወሩ አምፖል ሲጠፋ ማራገቢያው 15 ደቂቃ ቀጥሎ በራሱ እንዲቆም ሰዓት ቆጣሪ ተገጠመለት። ያለ እሱ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነበር፤ በእኛ ቤት ሰው ከክፍል ሲወጣ የሚያበራውን ሁሉ አጥፍቶ ነው የሚወጣው። የሚበላው ኃይል 30 ዋት አይሞላም ብዬ ለእናቴ በቆጣሪው ቋንቋ አስረዳኋት።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ጴጥሮስ ወጳውሎስ፤ የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት ቀን ነውና መዶሻ አይነሣም። መለካት ግን አልተከለከለም።

100 ሊትር የሚል የቆሻሻ ከረጢት ይዤ መሰላል ላይ ወጣሁና ጨምድጄ አየሩን አስወጥቼ የመክደኛውን አፍ አለበስኩት፤ ወንድሜ ውስጥ ሆኖ ማብሪያውን ጫነ። የሻወሩ በር ክፍት ሲሆን ከረጢቱ በሦስት ሰከንድ ገደማ ተወጠረ። ይህ በሰከንድ 33 ሊትር፣ በሰዓት 120 ኩብ ሜትር ነው። ሻካራ ልኬት ቢሆንም ከምፈልገው በላይ ነው። በሩ ሲዘጋ ግን አምስት ሰከንድ ፈጀ። ከ120 ወደ 72 ወረደ ማለት ነው።

ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ጠርሙስ ገልብጦ ውኃ ሲያፈሱ በዚያው አንገት አየር እየታገለ ካልገባ ውኃው አይወርድም። ክፍሉም እንደዚያው ነው፤ የወጣውን ያህል የሚገባ ከሌለ ማራገቢያው ባዶውን ይሽከረከራል። የሻወሩ በር ከሥሩ ያለው ክፍተት ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው።

ከምሳ በኋላ ቡና ሲፈላ ሌላ ነገር ታየ። እናቴ ሳሎን ውስጥ ዕጣን አጭሳ ነበር፤ የሻወሩ መሳቢያ ሲበራ ጭሱ ከማጨሻው ተነሥቶ፣ ኮሪደሩን ይዞ፣ በሻወሩ በር ሥር ሲገባ በዓይናችን አየነው። እኔ ለመፈተሻ ደስ አለኝ፤ እናቴ «ዕጣኔን ለግቢው ድመት ታጥንበታለህ?» አለች።

ነገሩ ግን ከቀልድ ያለፈ ነው። ጭሱን የሳበው መሳቢያ የከሰሉንም ጋዝ ይስባል። ሳሎኑ ተዘግቶ ኮሪደሩ ላይ ከሰል ቢቀመጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ወደሚታጠብበት መስኮት አልባ ክፍል ይሄዳል፤ ሽታ የለውም፣ አያስነጥስም። ስለዚህ ከሰል ሲቀጣጠል የሳሎኑ መስኮት ይከፈታል፤ ምድጃውም ኮሪደር ላይ አይወጣም። ሁሉም ተስማማ። ዕጣኑ ላይ ብቻ ስምምነት አልተደረሰም።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

በሩ ተነቅሎ ከሥሩ በመላጊያ ተላገ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 10 ሳንቲ ሜትር ክብ ቱቦ አፉ ወደ 78 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በሩ 70 ሳንቲ ሜትር ስፋት ስላለው 1.2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት 84 ይሰጣል። ቱቦው ከሚያስወጣው አፍ በሩ የሚያስገባው እንዳያንስ ማድረግ ነው። የተላገውን ጠርዝ ወዲያው ቀለም ቀባሁት፤ ያልተቀባ የበር ሥር ከወለሉ ውኃ ሲጠጣ ይከርማል።

ከረጢቱ እንደገና፤ በሩ ተዘግቶ ከሦስት ሰከንድ እምብዛም አልዘለለም።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ዝናቡ በርትቷል፤ ለፈተና ከዚህ የከፋ ወቅት የለም። ጠዋት ሦስት ሰው ከታጠበ በኋላ ኮርኒስ ውስጥ ገባሁ። ከሻወሩ በላይ ያሉት ሚስማሮች ጫፋቸው ደረቅ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ግን በእርግጥም ውኃ ይገባል፤ እናቴ ግማሽ መንገድ ትክክል ነበረች። ቆርቆሮው በጥቅምት ይቀየራል።

መብራት በጠፋባቸው ቀናት ሻወሩ እንደ ድሮው ይተንናል፤ ያኔ በሩን ከፍቶ መጠበቅ ነው፣ ሌላ መድኃኒት የለውም። ሴራሚኩ ላይ የነበረው ሻጋታ በበረኪና ለቅቋል፤ በሩን ከፍተን፣ መሳቢያውን አብርተን፣ ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ሳንቀላቅል ነው የተጠቀምነው። ችፑዱ ላይ ያለውን ግን በረኪና ፊቱን ያነጣዋል እንጂ ሥሩን አያገኘውም፤ እሱ ተገንጥሎ ይጣላል። አዲሱ ችፑድ የሚመታው ከክረምቱ በኋላ፣ እንጨቱ በደንብ ሲደርቅ ነው። ጋሼ አሁን እንምታው ሲሉኝ እምቢ አልኩ፤ እርጥብ እንጨት ላይ ችፑድ መምታት ያንኑ ሻጋታ መሸፈን ነው።

መክደኛው ላይ ያለው ወንፊት መስከረም ላይ ይታያል፤ ከዚያ በየዓመቱ ከክረምት በፊትና በኋላ። በሁለት ብሎን ስለሚፈታ ከመሰላል ሳይወርዱ ይጸዳል።